የመስመሩ ባለቤትና የተናጋሪው መብት፤ ከሐረር ታሪክ

በአገራችን ስለ ሐሳብ ነፃነት በተነሣ ቁጥር በተከሳሽ ቦታ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ብቻ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የሚመረምር ሹም፣ ከታተመም በኋላ የሚሰበስብ ፖሊስ በየዘመኑ ታይቷል። ይሁን እንጂ ቃል ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ከሰሚው ጆሮ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዝበት መንገድ አለው፤ መንገዱም ባለቤት አለው። ደብዳቤውን የሚያደርሰው የንግድ ቤት፣ ማተሚያው የሚስዮን፣ ሽቦው የኩባንያ በሆነበት ስፍራ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ለማለት ሹመት አያስፈልግም፤ ባለንብረት መሆን ይበቃል። ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለመመርመር ለሚሻ ሰው ከሐረር የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ከተማይቱ ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘችባቸው አዳዲስ መንገዶች ብዙዎቹ በግል እጅ የመጡ ናቸውና።

አስቀድሞ ግን ባለቤት ያልነበረው መንገድ ነበር። በአምስት በሮች በሚገባበት በጀጎል ግንብ ውስጥ መጽሐፍ ይገለበጥ የነበረው በእጅ ነው። ቁርኣኑ፣ የሕጉ መጽሐፍ፣ የከተማው ተወላጆች ጌይ ሲናን በሚሉት በሐረሪኛ ቋንቋ በዐረብ ፊደል የተጻፈው መንፈሳዊ ግጥም ሁሉ ከደራሲው ወደ አንባቢው የሚደርሰው በገልባጭ ብዕር ነበር። አንዱ ገልባጭ እምቢ ቢል ሌላው ይጽፈዋል። ሥራው አዝጋሚ፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ሆኖም በደራሲና በአንባቢ መካከል ቆሞ ለከተማው ሁሉ የሚወስን አንድ ባለንብረት አልነበረም።

የዚህ አሠራር ጠባይ ከብዙ ዘመን በኋላም ታይቷል። በሐረር አውራጃ ገጠር ያስተምሩ የነበሩት ሼኽ በክሪ ሳጳሎ በ1948 ዓ.ም. ለኦሮምኛ ቋንቋ የሚስማማ አዲስ ፊደል አወጡ። ፊደሉ ማተሚያ ቤት አላየም፤ ከመምህሩ ወደ ደቀ መዛሙርቱ በእጅ ጽሑፍ ተላለፈ እንጂ። ባለሥልጣናቱ ጉዳዩን በሥጋት ባዩት ጊዜ ትእዛዝ የሚሰጡት የማተሚያ ባለቤት አላገኙም፤ ስለዚህ ሰውየውን ራሳቸውን በድሬዳዋ በቁም እስር አስቀመጧቸው። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እዚህ የተጠቀሰው ልዩነቱ እንዲታይ ብቻ ነው። መካከለኛ በሌለበት ቃልን ለማገድ ሰውን ማገድ ግድ ይሆናል፤ መካከለኛ ባለበት ግን ሰውየው በነፃ እየሄደ ቃሉ ብቻ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ዘዴ ጩኸት የለውም፤ ጩኸት ስለሌለውም እንደ እገዳ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው።

ሐረር በ1868 ዓ.ም. በግብፅ ጦር ከተያዘች በኋላ በሮቿ ለአውሮፓ ነጋዴ ተከፈቱ። የባርዴ የንግድ ቤት በ1873 ዓ.ም. በከተማይቱ ቅርንጫፍ አቋቋመ፤ ከሠራተኞቹም አንዱ ግጥም መጻፍ የተወው ወጣት ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ነበር። ደብዳቤ ከሐረር በቅፍለት ወደ ዘይላ፣ ከዘይላም በባሕር ወደ ዓደን ይሄዳል፤ ጭነቱም ሆነ ፖስታው የሚጓዘው በነጋዴ እጅ ነው። ስለ ኦጋዴን ምድር የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የታተመው የራምቦ ሪፖርት እንኳ ለማኅበሩ የደረሰው በአሠሪው በአልፍሬድ ባርዴ በኩል ነው። ለሪፖርቱ መሠረት የሆነውን ጉዞ ያደረገው ሶቲሮ የተባለ የዚያው ንግድ ቤት ግሪካዊ ሠራተኛ ሲሆን፣ ገጹ ላይ በደማቁ የቀረው ግን የጸሐፊው ስም ነው። አሠሪው በጎ ፈቃድ ስለ ነበረው ጽሑፉ ደረሰ፤ ባይኖረው ኖሮ የሚጠይቀው ዳኛ አልነበረም።

ይኸው ራምቦ ወደ ሸዋ ሄዶ በሐረር በኩል ሲመለስ ያየውን በነሐሴ 1879 ዓ.ም. «ለ ቦስፎር ኤዢፕሲያን» በተባለ የካይሮ ጋዜጣ አሳትሟል። ስለዚህ ጋዜጣ ሳይነገር ማለፍ አይገባም። የግል ንብረትነቱ የፈረንሳዊ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት በ1877 ዓ.ም. የሱዳኑን የመሐዲ አዋጅ በማተሙ የግብፅ መንግሥት ዘግቶት ነበር። ፈረንሳይ በግብፅ በነበራት የቆንስላ መብት መሠረት «የዜጋዬ ማተሚያ በእናንተ ፖሊስ አይነካም» ብላ ተነሣች፤ በመጨረሻም የግብፁ ጠቅላይ ሚኒስትር ኑባር ፓሻ ይቅርታ ጠይቀው ማተሚያው ተከፈተ። ይህን ለነፃ ፕሬስ የተገኘ ድል አድርጎ የሚያየው ይኖራል። ነገሩ ግን ሁለት ገጽ አለው። ጋዜጣው ከግብፅ ሳንሱር ያመለጠው ሐሳብ ነፃ ነው ተብሎ ሳይሆን ባለቤቱ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ነው። ያው ጋዜጣ የአንድን ግብፃዊ ስም ቢያጎድፍ ወይም መልሱን አላትምም ቢል ኖሮ፣ ግብፃዊው በአገሩ ዳኛ ፊት ሊያቆመው ባልቻለም ነበር።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ስር ገብታ ለደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን ከተሰጠች ወዲህ ይህ የባለቤትነት ጥያቄ ወደ መሐንዲሶች እጅ ገባ። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. የተቀበለው የባቡር ኮንሴሲዮን ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። መስመሩ በሦስት ክፍል የታቀደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነው። ከሐዲዱ ጎንም ኩባንያው የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋ ግዴታ ገባ። እንግዲህ ያ ውል የሸቀጥና የመንገደኛ ማጓጓዣ ውል ብቻ አልነበረም፤ ወሬንም ለኩባንያ አደራ የሰጠ ውል ነበር።

በዚያው ዓመት በመንግሥት በኩል የተጀመረው ሥራ ሌላ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ መስመር ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው ከእርሱ ነው። የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ገና ባልተፈለሰፈበት ዘመን ይህን ያህል ርቀት በአንድ ትንፋሽ መነጋገር አይቻልም፤ ድምፁ በሽቦው ላይ እየደከመ ይጠፋል። ስለዚህ መልእክቱ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በስልከኛው አፍ እየተደገመ መተላለፍ ነበረበት። ከዚህ የሚከተለውን ለሙያ ባልደረቦች ማብራራት አያሻም፤ በመካከል ያለው ስልከኛ ሁሉ የሰማውን ያውቃል፣ ሊያጎድል፣ ሊያዘገይ፣ «መስመሩ ተበጥሷል» ሊል ይችላል። ሽቦው የንጉሡ በመሆኑ ግን ቢያንስ ጥፋተኛው የት እንደሚከሰስ የታወቀ ነበር፤ ዳኛውም አዛዡም አንድ ሰው መሆኑ የራሱ ችግር ቢኖረውም።

የባቡሩ ኩባንያ ግን እንደዚያ አልነበረም። ገንዘብ ባጠረው ጊዜ በጥር 1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ለብቻው ውል ተዋዋለ፤ በውሉም የፈረንሳይ መንግሥት በመስመሩ ላይ ሥልጣን አገኘ። ኮንሴሲዮኑን የሰጡት ዐፄ ምኒልክ አልተጠየቁም። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታቸውን የገለጹት በምረቃው ላይ ባለመገኘት ነው። በቴክኒክ በኩል ደግሞ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የሐረርን ዳገት ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ኩባንያው ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ፤ በዚያ የተቆረቆረችውም ድሬዳዋ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከስሮ በሌላ ሲተካ፣ ሥራውም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሐረር ከመስመሩ ውጭ እንደ ሆነች ቀረች። የዘመናት የንግድና የወሬ መናኸሪያ የነበረችው ከተማ በአንድ የአክሲዮን ማኅበር የሒሳብ መዝገብ ምክንያት ወሬ ለመስማት ወደ ቆላ የምትወርድ ሆነች። ማንም አላገዳትም፤ መስመሩ አልመጣም፣ ይኸው ነው። ይህንንም ከሳንሱር ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ውጤቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሳንሱር አይለይም።

ማተሚያው ከሐዲዱ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ዳገቱን ወጥቷል። በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ይረዱ የነበሩት ፈረንሳዊው የፍራንሲስካን ሚስዮናዊ አባ ማሪ በርናር እ.ኤ.አ. በ1905 «ለ ሰመር ዴትዮፒ» ማለትም «የኢትዮጵያ ዘሪ» የተባለ በፈረንሳይኛ የሚነበብ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። በኢትዮጵያ ምድር ቀድመው ከወጡት መጽሔቶች አንዱ ነው፤ በአዲስ አበባ በግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ በእጅ እየተጻፈ የተጀመረው «አእምሮ» የዚሁ ዘመን እኩያ ነው። የሐረሩ መጽሔት ኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቆይቷል።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አባ ማሪ በርናር በገዛ መጽሔታቸው ያሻቸውን ቢያትሙ፣ ያላሻቸውን ቢተዉ መብታቸው ነበር። የገዛ ልሳን ያለው ሰው የሌላውን ቃል እንዲናገር አይገደድም፤ ይህን መብት የሚነፍግ ሕግ የሐሳብ ነፃነትን አልጠበቀም፣ አፍርሷል። ነገር ግን ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ በሚሰማበት ከተማ ውስጥ መጽሔቱ የሚናገረው ከዚህ አንዱን ሳይሆን ፈረንሳይኛን ሲሆን፣ የባለቤቱ ምርጫ የከተማው ወሰን ይሆናል። ከዚህ በላይ በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የፈረንሳይ ዜጎችን የእርስ በርስ ክርክር ለቆንስላቸው፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ያላቸውንም ክርክር ቆንስሉ ለሚቀመጥበት ችሎት ሰጠ። በዚህም የካይሮው ሥርዓት በሌላ መልክ ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

የአገሪቱ ሕጎች ይህን እንዴት እንዳዩት መመልከት ጠቃሚ ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ስለ ንግግር ነፃነት ምንም አይልም፤ ስለ ደብዳቤ ምስጢር ግን በአንቀጽ 26 ላይ፣ በሕግ ከተወሰነው በቀር ማንም የኢትዮጵያን ተወላጅ ደብዳቤ ሊመረምር እንደማይችል ይደነግጋል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ውስጥ የደብዳቤው መብት ከአንደበቱ መብት ቀደመ ማለት ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጽሑፍ ነፃነትን «በሕግ መሠረት» ብሎ ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ከለከለ፤ በማን የሚደረግ እንደ ሆነ ግን አልዘረዘረም። የመብቶቹን ምዕራፍ የማክበር ግዴታን በአንቀጽ 13 የጣለው በመንግሥት ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኛ ላይ ነው። በአንቀጽ 9 ዜጎችና ማኅበራትም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ መሆናቸውን ስለሚጠቅስ የሕግ ሰዎች የሚከራከሩበት ቀዳዳ አለ። ኩባንያ ከየትኛው ወገን ነው?

ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ብቻ አልቀረም። ትልቅ ማተሚያ የሌላት ሐረር ጋዜጣዋን የምታገኘው ከአዲስ አበባ ነው፤ የአዲስ አበባ ጋዜጦች ደግሞ አብዛኞቹ የሚታተሙት በብርሃንና ሰላም ነበር። ድርጅቱ የተመሠረተው የሐረር ገዥ በነበሩት፣ በዚያን ጊዜም አልጋ ወራሽ በሆኑት በራስ ተፈሪ ነው። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ይህ ማተሚያ ለግል ጋዜጦች ያቀረበው የውል ረቂቅ፣ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ ላለማተም መብት የሚሰጠው አንቀጽ ነበረበት። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የ«ፍትሕ» ጋዜጣ አንድ እትም፣ 30,000 ቅጂ ያህል፣ ሳይሰራጭ ታገደ። ማተሚያው የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ጉዳዩ ንጹሕ የግል ሳንሱር አይባልም። ትምህርት ያለበት መልኩ ላይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአዋጅ የከለከለው ቅድመ ምርመራ በንግድ ውል አንቀጽ ሆኖ ተመለሰ። ደንበኛ ካልፈለገ ሌላ ቦታ ያሳትም የሚለው መልስ፣ ሌላ ቦታ ለሌለው ሰው መልስ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የቃል መንገድ ወደ ስልክ መስኮት ተዛወረ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በሐረር የራስ መኰንን ሐውልት ፈረሰ፤ በአገሪቱም ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ይህ በመንግሥት ሽቦ የተደረገ የመንግሥት ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሣ አዘዘ። ፈራጁ እንግዲህ ዳኛ አይደለም፤ የኩባንያው ሠራተኛ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ጽሑፍ ደንቤን ይጥሳል ብሎ አነሣ። በሐረር ታሪክ ዓይን ለሚያየው ነገሩ ያስደንቃል፤ ዐፄ ምኒልክ ከምረቃ መቅረት ይችሉ ነበር፣ የዛሬው መንግሥት ግን በሌላው ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ደንበኛ ሆኗል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱን የሚከላከልበት ሌላ መድረክ አያጣም። የተራው ሰው ነገር ከዚህ ይለያል። ስለ ራያ ቆቦ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በኩባንያው መሣሪያ ተለይቶ በሠራተኛ ውሳኔ ተነሣ፤ ባለቤቱ ይግባኝ ቢልም ውሳኔው ጸና፤ ጉዳዩ ኩባንያው ላቋቋመው ተቆጣጣሪ ቦርድ ሲደርስ ኩባንያው «ተሳስቻለሁ» ብሎ መለሰው፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቦርዱ የመጀመሪያው ማንሣት ትክክል ነበር ብሎ ፈረደ። ቦርዱ ጽሑፉን አደገኛ ያለበት ምክንያት ሊያሳምን ይችላል። አንድ ጽሑፍ ይህን ያህል ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ግን ከተከራካሪዎቹ አንድም በአገሩ ሕግ አልተዳኘም።

የመሐንዲሶች ሙያ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1875 በሴንት ፒተርስበርግ የተፈረመው የቴሌግራፍ ስምምነት በመጀመሪያ አንቀጹ ማንኛውም ሰው በዓለም አቀፍ ቴሌግራፍ የመጻጻፍ መብት እንዳለው ያውቃል፤ በሰባተኛው አንቀጽ ለአገር ደኅንነት አደገኛ ወይም ሕግና ሥርዓትን የሚጻረር የግል ቴሌግራም የማገድ ሥልጣን ለመንግሥታት ይተዋል። በኋላ በተሻሻሉት ስምምነቶች ላይ ደግሞ ያገደው መሥሪያ ቤት መልእክቱ የተነሣበትን ጣቢያ ወዲያው እንዲያስታውቅ ግዴታ ተጨመረ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ይህ ሥርዓት ሳንሱርን አላጠፋም፤ ቅርጽ ሰጠው እንጂ። መብቱ መጀመሪያ፣ እገዳው ቀጥሎ፣ ማስታወቂያውም ከእገዳው ጋር ይመጣል፤ የሚያግደውም ስሙ የታወቀ ባለሥልጣን ነው። የሌላውን ሰው ቃል ለማድረስ አገልግሎት የከፈተ ባለንብረት ከአባ ማሪ በርናር ይልቅ ለቴሌግራፍ ጣቢያው ይቀርባል፤ ግዴታውም እንዲሁ መሆን ነበረበት። ኩባንያዎቹ ግን ትርፉ ሲመጣ አድራሽ፣ ተጠያቂነት ሲመጣ አዘጋጅ መሆን ይቀናቸዋል።

በተቃራኒው ወገን የሚነሣው ክርክርም ቀላል አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ባቀረበው ክስ፣ አባቱን ለጥቃት ያጋለጡ ጽሑፎችን አስቀድሞ አመልክቶ ሳለ ፌስቡክ በጊዜው አላነሣም ይላል። እንግዲህ ያው ኩባንያ በአንድ ወር ውስጥ በማንሣቱም ባለማንሣቱም ተወቅሷል፤ ሁለቱ ወቀሳዎች የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው አቤቱታ አቅራቢው ከማይደርስበት ስፍራ ነው። ኩባንያው የኬንያ ችሎት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል በየነ። የካይሮው ማተሚያና የክሎቡኮቭስኪ ውል ጥያቄ፣ «የማን ዳኛ?» የሚለው፣ በናይሮቢ እንደ ገና ተነሣ።

ሽቦው ራሱ በግል እጅ እንደ ገና የገባው በዚሁ ሰሞን ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ጀመረ። የጀመረው በድሬዳዋ ነው፤ እንደ ባቡሩ ዘመን ሐረር ሁለተኛ ሆነች፣ ነገር ግን በዚህ ጊዜ መስመሩ ዳገቱን ወጥቶ ደረሰላት። በጀጎል ውስጥ የተቀመጠ ሰው አሁን መልእክቱን የሚልከው በመንግሥት ወይም በግል ኩባንያ ማማ በኩል ሲሆን፣ ጽሑፉ የሚቀመጠው ግን ከሁለቱም ባልሆነ በሌላ ባለንብረት ሰሌዳ ላይ ነው። የሰሌዳው ባለቤት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የኢትዮጵያን ጽሑፎች የሚመረምረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በትግርኛ መሆኑን ገልጿል። ሐረሪኛ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።